ያለ ጠበቃ በስምምነት መፋታት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 11 ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆችም አሉን። ሽማግሌ ገብቶም አልሆነልንምና ያለ ጠብ ለመለያየት ተስማምተናል። አንድ መኖሪያ ቤት አለን፤ የተመዘገበው ግን በእሱ ስም ነው። ለጠበቃ የምንከፍለው የለንም፤ እሱም የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ራሳችን ቀርበን መፋታት እንችላለን?
(ከጅማ፣ ሂርማታ ሠፈር)

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ባለጉዳይ ያለ ጠበቃ ራሱ መቅረብ ይፈቀድለታል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለሆነ፣ እናንተን የሚመለከተው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ከነማሻሻያው ነው። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ማመልከቻው በዚያው ቋንቋ ይዘጋጃል፤ መጻፉ ከከበዳችሁ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ መሄድ ይበቃል።

የምትፋቱበትን ምክንያት ለዳኛው መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። ትኩረታችሁ መሆን ያለበት ከማመልከቻው ጋር የሚቀርበው የስምምነት ጽሑፍ ነው። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ሌላው ወላጅ በየትኞቹ ቀናት እንደሚያያቸው፣ የወር ቀለቡ ስንት ብር እንደሆነና በምን መንገድ እንደሚከፈል በግልጽ ይጻፍ፤ «ወደፊት እንነጋገራለን» የሚል ቃል ግን፣ በእኔ እምነት፣ ለነገ ክስ መንገድ ከመጥረግ አይለይም። ፍርድ ቤቱ የልጆቹ ጥቅም አልተጠበቀም ብሎ ካመነ ፍቺውን አጽድቆ ያንን ክፍል ራሱ ሊያስተካክለው ይችላል። ቤቱም በባለቤትዎ ስም መመዝገቡ ብቻውን የግል ንብረቱ አያደርገውም፤ በጋብቻ ዘመን በጋራ ያፈራችሁት ከሆነ የጋራ ነውና፣ ለማን እንደሚቀር ወይም ተሸጦ እንዴት እንደምትካፈሉ ይወሰን።

ዳኛው ሐሳባችሁን እንድትለውጡ ለየብቻም ሆነ በአንድነት ሊያነጋግራችሁ ስለሚችል ባለቤትዎ ውክልና ከሚልክ ራሱ ቢመጣ ይሻላል። የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣችሁ ይችላል፤ በፌዴራሉ ሕግ ይህ ጊዜ ከ3 ወር አይበልጥም።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ግልባጩን ከመዝገብ ቤት አውጥታችሁ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌያችሁ ወሳኝ ኩነት ፍቺውን አስመዝግቡ። ቤቱ ለእርስዎ ከተወሰነም የስም ዝውውሩ በከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ለብቻው ይፈጸማል።