የአዋሽ ጣቢያ በሁለት ሜትር ተኩል ጣውላ ላይ

ባለፈው እትም ስለ ሞዴል ባቡር ሁለት መስመር ጣል ባደርግ የደብዳቤ መዓት መጣብኝ። እኔ የምድር ባቡር ልጅ ነኝ። አባቴ ድሬዳዋ ወርክሾፕ ነበር የሚሠራው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ አፌን ለመክፈት ብዙ መለመን አያስፈልገኝም። ዛሬ አምዱን በሙሉ ለባቡሩ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ አለኝ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን የድሮውን መስመር በሳሎኔ ግድግዳ ዙሪያ አሳንሼ ልሠራው አስቤአለሁ። ልጄ ከጀርመን ኤችኦ የሚባለውን ባቡር ልትልክልኝ ነው። ከየት ልጀምር? (ከአዳማ)

መልስ፦ ልጅዎ ገንዘቡን ከመክፈሏ በፊት ይደውሉላት። ኤችኦ ማለት ሁሉም ነገር 87 ጊዜ ያነሰበት መጠን ነው። የሐዲዱ ስፋት ደግሞ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ የተወሰደው 1435 ሚሊ ሜትር ከሆነው ከመደበኛው የአውሮፓ ሐዲድ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡራችንም በዚሁ ልክ ነው የተሠራው። እሱን ቢሆን የፈለጉት ችግር የለም። የድሮው ግን ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ነው። አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ልጅዎ መፈለግ ያለባት ኤችኦኤም የሚባለውን ባለ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የስዊስ የተራራ ባቡሮች ብዙዎቹ እንደ እኛው ባለ አንድ ሜትር ስለሆኑ፣ ቤሞ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ለእነሱ ብሎ ይሠራል። ዋጋው ከተራው ኤችኦ ይወደዳል። ግን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ላየ ሰው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የእኛ ባቡር በጠባብ ሐዲድ ላይ ሰፋ ብሎ የተቀመጠ ነው። መልኩም ያ ነው። ያንን ካጡት የቀረው ድካም ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። መስመሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሳሎንዎ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን አይችለውም። ጣቢያዎቹን ሁሉ ጠጋ ጠጋ አድርገው ካሰፈሩ ደግሞ ሎኮሞቲቩ መተሐራ ሲደርስ የኋላው ፉርጎ ገና ከአዳማ አልወጣም። ሰው ይህን ስነግረው ቅር ይለዋል፤ እኔ ግን አልለዝብም። አንድ ጣቢያ ይምረጡ። አንድ ብቻ።

የእኔ ምርጫ አዋሽ ነው። ለድሬ ልጅ ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ ይወቁልኝ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ወርክሾፑም የሎኮሞቲቭ ማዞሪያውም ያለባት ናት፤ ግን ለጀማሪ ትሰፋለች። አዋሽ ላይ ሁሉም ነገር አለ፤ ሁሉም ደግሞ በቁጥር ነው። ጣቢያው አለ። ባቡሮች የሚተላለፉበት ሁለተኛው ሐዲድ አለ። ድሮ ባቡሩ ሌሊት በማይጓዝበት ዘመን መንገደኛ ያድርበት የነበረው ቡፌ ደ ላ ጋር የሚባለው ሆቴል ከነቦገንቪሊያው አለ። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ደግሞ ገደሉና ድልድዩ አለ። ይህን ሁሉ ሁለት ሜትር ተኩል በሃምሳ ሳንቲ ሜትር በሆነ ጣውላ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። በአንዱ ጫፍ ባቡሩ ድልድዩን አልፎ በስስ ግድግዳ ውስጥ ባለ ቀዳዳ ይግባ። ከግድግዳው ጀርባ ማንም የማያየው ሐዲድ ይኑርና እዚያ ቆሞ ይጠብቅ። ተመልካቹ ድሬዳዋ ሄደ ብሎ ያስባል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣውላውን በምግብ ጠረጴዛ ቁመት አይሥሩት። ደረትዎ ድረስ ከፍ ያድርጉት። ከላይ ሲያዩት አሻንጉሊት ነው፣ ከጎን ሲያዩት ባቡር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ሐዲዱን ዘርግቼ ጨርሻለሁ፤ ግን ያው ፕላስቲክ ይመስላል። ለሞዴል የሚሆን ጠጠርና ዛፍ እዚህ አላገኘሁም። በምን ልሥራው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ባለማግኘትሽ ደስ ይበልሽ። በፓኬት የሚመጣው ግራጫ ጠጠር የአልፕስ ተራራ ነው የሚመስለው። አንቺ የምትፈልጊው የአዋሽን አቧራ ነው፤ እሱ ደግሞ መሬት ላይ በነፃ አለ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካለሽ አንድ ፌስታል አፈር አስመጪ። ካልሆነም ቀለሙ የሚቀርብ ከየትም ውሰጂ። በብረት ምጣድ አድርቂው፣ ከዚያ በወንፊት ንፊው። አንዱን ልሞ ዱቄት እስኪሆን፣ ሌላውን ሻካራ አድርገሽ ለይው። የሐዲድ ጠጠር በእውኑ ዓለም አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዚህ መጠን ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ከስኳር ፍሬ ከበለጠ ከልኩ አልፏል።

ቀጥሎ የምነግርሽን እንዳትዘይው፦ አፈሩን ወረቀት ላይ በትነሽ ማግኔት አዙሪበት። የእሳተ ገሞራ አፈር ብረትነት ያለው ብናኝ ይበዛበታል። ያ ብናኝ የሎኮሞቲቩ ሞተር ውስጥ ከገባ ሞተሩን ይበላዋል። በዚሁ ምክንያት የብረት ሽቦ ድስት መፈተጊያ ለዛፍ ቅጠል የሚጠቀሙትን አትከተዪ።

ከጠጠሩ በፊት የሐዲዱን ጎን የዛገ ቡናማ ቀቢው። ቀለሙ ሳይደርቅ የላይኛውን ፊት በጨርቅ ጥረጊ፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሱ ነው። ከዚያ ጠጠሩን በደረቁ በሐዲዱ መካከልና ዳር አፍስሺና በብሩሽ አስተካክዪው። ነጭ ኮላና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅይ፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሪበት። መጀመሪያ ጠጠሩን በአልኮል ስፕሬይ አርጥቢው፤ ካለዚያ ኮላው እየተንከባለለ ጠጠሩን ይዞት ይሄዳል። ኮላውን ከፋርማሲ በምትገዢው ሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጊ። ሐዲዱ በሚለያይበት ቦታ፣ ከሚንቀሳቀሰው ክፍል አጠገብ ጠብታ እንኳ እንዳታስነኪው። በማግስቱ ሲደርቅ ከደቃቁ አፈር ጥቂት ከላዩ ነስንሺበት። የቆላው መስመር ላይ ጠጠርና አፈር ድንበር የላቸውም።

ግራሩን ከመዳብ ሽቦ ሥሪው። የወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ልባሱን ገፈሽ ክሮቹን ከታች አጣምሪያቸው፣ ወደ ላይ እየለያየሽ ዘርጊያቸው። ግንዱን በኮላና በደቃቅ ሰጋቱራ ቀቢው። ቅጠሉ ከስፖንጅ ነው። ስፖንጁን በአሮጌ ቡና መፍጫ ፈጭተሽ ቀለም ንከሪው። የግራር አናት ጠፍጣፋና ስስ ነው፤ ከሥር ሆነሽ ስታዪ ሰማዩ በመሃሉ መታየት አለበት። ብዙ ሰው ቅጠል አብዝቶ ዋርካ ያደርገዋል። ለደረቅ ሣር ቃጫ የሚያክለው የለም። በአራት በአምስት ሚሊ ሜትር ቆርጠሽ በትንንሹ እያሰርሽ ትከዪ። አረንጓዴ ቀለም ካለሽ ለቦገንቪሊያው አስቀምጪው።

ቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ የአሉሚኒየም ፎይል ነው። በቅማል ማበጠሪያ ጥርስ ላይ አንጥፈሽ በስቴኪኒ ጫን ጫን እያልሽ አሽው። እውነተኛው ቆርቆሮ ከሞገድ እስከ ሞገድ ሰባት ስምንት ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በእኛ ልክ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ማበጠሪያው ይመጥነዋል። ከዚያ ዝገቱን በጡብ ዱቄት ሥሪ። የሚያብረቀርቅ ነገር ካየሽ፣ ሎኮሞቲቩንም ጨምሮ፣ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ንፊበት። ፕላስቲክነቱን የሚያሳብቀው ያ ነጸብራቅ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ትልቅ ሰውዬ በባቡር ይጫወታል» ብላ ለእህቶቿ አወራችብኝ። ምን ልበላት? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ምንም። መቆጣጠሪያውን እጇ ላይ አስቀምጥና ቡና አፍላ።

ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር ትልቅ ክብ መስመር ሠራን። ባቡሩ ከትራንስፎርመሩ ራቅ ሲል ይዝላል፣ አንዳንዴም ይቆማል። ክረምት ደግሞ አዲስ አበባ ለወንድሜ ልጅ አንድ ሙሉ ስብስብ ይዤ ልሄድ ነው። የማውቀው ነገር ይኖራል? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ኤሌክትሪኩ እዚያ ሲደርስ ደክሟል። ሐዲዶቹን የምታያይዘው ትንሿ ብረት በየመገጣጠሚያው ትንሽ ትንሽ ትሰርቀዋለች። ከትራንስፎርመሩ ሁለት ወፍራም ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር፣ ከጣውላው ሥር ዙሪያውን ውሰድ። ከእነሱ ላይ በየአንድ ሜትሩ ቀጭን ሽቦ እያወጣህ ከሐዲዱ ጎን በይድ። ቀዩ ሁልጊዜ ለውጪው፣ ጥቁሩ ሁልጊዜ ለውስጡ ሐዲድ ይሁን። አንዴ ከተዘበራረቀብህ ሾርት ያደርጋል። የሐዲዱን ፊት በአልኮል በነከርከው ጨርቅ ጥረግ። በብርጭቆ ወረቀት አትፈትገው፤ የጫርከው ቦታ ሁሉ ቆሻሻ ይይዛል።

ስለ ስጦታው፦ ትራንስፎርመሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብብ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ አዲስ አበባ 220 ላይ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። ልጁ ባቡሩን ሳያይ ጭሱን ያያል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ 220ውን ወደ 110 የሚቀንስ ግዛ።

ጥያቄ፦ አቦ ጋሼ፣ የእኛን ጣቢያ ሠርቼዋለሁ። ግን ባዶ ነው፣ ያስጠላል። ሰውና ግመል ከየት ይገኛል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የድሬን ጣቢያ? እሰይ! በኤችኦ መጠን ሰው ቁመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። የአውሮፓ መንገደኞች በጥቅል ይሸጣሉ። አንተ ግን የተቀመጡትን ፈልግ። የሚሮጥ፣ እጁን የሚያወዛውዝ ሰው አትግዛ፤ በቆመበት ለዘላለም ይሮጥብሃል። ኮቱን ቀለም ለውጥ። ለነጠላ የሶፍት ወረቀት አንዱን ንብርብር ልጠህ በቀጠነ ኮላ ትከሻቸው ላይ ጣል። ሽርጥም እንዲሁ ይወጣል፤ መስመሩን በቀጭን ብሩሽ አስምርበት። ግመልም ይሸጣል፤ ግን ስትገዛ ሻኛዋን ቁጠር። ባለ ሁለት ሻኛዋ የሞንጎሊያ ናት።

ሰዉን እኩል በእኩል አትበትን። ጥላ ባለበት አጠጋጋቸው፣ ፀሐዩን ባዶ ተወው። ዕቃ አብዛ፦ ጄሪካን፣ ማዳበሪያ፣ የታሰረ ፍራሽ። በመጨረሻ ከጣቢያው ራቅ ብሎ፣ ባቡሩ ፍጥነቱን ቀነስ በሚያደርግበት ቦታ፣ ሁለት ሦስት ጎረምሳ ሐዲዱ ዳር አቁም። ለምን እዚያ እንደቆሙ ድሬ ያደገ ሰው አይጠይቅህም። ኮንትሮባንድ የሚጠብቀውን ፊናንስ ፖሊስ ደግሞ ከጣቢያው በር ላይ አቁመው፤ ፊቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዙር።