አንድ ሰርቨር፣ ሁለት ድረ ገጽ፦ ፋይል ቅየራ ሲያጣላ

ጥያቄ፦ በአንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሁለት ድረ ገጾች አሉን። ሁለቱም የወርድ ፋይል በሊብሬኦፊስ (ነፃ የቢሮ ፕሮግራም) ወደ ፒዲኤፍ ይቀይራሉ። ለየብቻ ሲሞከሩ ደህና ናቸው፤ እኩል ሲጠየቁ ግን አንደኛው ምንም አያወጣም፣ ስህተትም አይጽፍም።

መልስ፦ የሚጣሉት በፕሮፋይል ነው። ሊብሬኦፊስ ቅንብሩን የሚያስቀምጥበት፣ ፕሮፋይል የሚባል ፎልደር አለው፤ በዚያ ፎልደር በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ብቻ ነው። ድረ ገጾቹ በአንድ የሊኑክስ ተጠቃሚ ስም የሚሄዱ ከሆነ ፕሮፋይላቸውም አንድ ነው። ዘግይቶ የተነሣው ሥራውን ለቀደመው አስረክቦ ይወጣል፤ የቀደመው ሊዘጋ ሲል ከደረሰ ፋይሉ መሀል ሜዳ ላይ ይቀራል።

በትእዛዙ ላይ «ዩዘርኢንስታሌሽን» የሚባለውን ቅንብር ጨምረው ለእያንዳንዱ ቅየራ የተለየ ፎልደር ይስጡ። አድራሻው «ፋይል» ከሚለው ቃልና ከሁለት ነጥብ በኋላ ሦስት እዝባር ይፈልጋል፤ በሁለት ከቀረ የመጀመሪያው ፎልደር እንደ ኮምፒውተር ስም ይነበባል። ለየድረ ገጹ አንድ አንድ ፎልደር ብቻ መስጠት አይበቃም፦ በአንዱ ድረ ገጽ ሁለት ሰው እኩል ፋይል ከጫነ ጠቡ ይመለሳል። አዲስ ፕሮፋይል መፍጠር በየጊዜው ትንሽ ያዘገያል። ሰርቨሩ 2 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለው እኔ የምመርጠው «ኤፍሎክ» በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ቅየራዎቹን ወረፋ አስይዞ ተራ በተራ ማሠራትን ነው። በሁለቱም መንገድ ትእዛዙ ሲጨርስ የሚመልሰውን፣ ተሳካ ወይም አልተሳካም የሚለውን ቁጥር አይመኑ፤ ፒዲኤፉ መኖሩንና ባዶ አለመሆኑን ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ የአንዱ ድረ ገጽ ደንበኛ የሌላውን ሰነድ አወረደ!

መልስ፦ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ እስኪስተካከል ቅየራውን ይዝጉ። ሊብሬኦፊስ ውጤቱን የሚሰይመው በገባው ፋይል ስም ነው። ሁለት ሰዎች «ደብዳቤ» የሚባል ፋይል ከጫኑና ውጤቱ ወደ አንድ ጊዜያዊ ፎልደር ከሄደ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይደመስሳል። ለእያንዳንዱ ሥራ ፈቃዱ 700 የሆነ (ከባለቤቱ በቀር ሌላ ተጠቃሚ የማይከፍተው)፣ በዘፈቀደ ስም የተሰየመ ፎልደር ይፍጠሩ፤ ድረ ገጾቹንም በተለያየ የተጠቃሚ ስም ያስኪዱ።

ጥያቄ፦ የተንጠለጠለ ሊብሬኦፊስ ሁሉንም ያግዳል። በስሙ ብንገድለውስ?

መልስ፦ የሌላውን ድረ ገጽ ሥራም አብረው ይገድላሉ። ከትእዛዙ ፊት ጊዜው ሲያልፍ የሚያቆመውን «ታይምአውት» አስቀምጠው 90 ሰከንድ ይስጡት፤ ከእሱ የተወለዱትን ፕሮሰሶችም ጭምር ያቆማል።

ጥያቄ፦ አማርኛው አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል።

መልስ፦ ፎንት የለም። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይጫኑ። ሰነዱ በኒያላ የተጻፈ ከሆነ በምትኩ ሌላ ፎንት ስለሚገባ የገጾቹ ብዛት ሊለወጥ ይችላል።