ቁልፉን ስለቀው የሚጠፋው ኮሮላ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? በፈረንጅ የ1990 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። ቱ-ኢ ካርቡሬተር ሞተሯ ዘይት መብላት ስላበዛ ከሶማሌ ተራ ፋይቭ-ኤ-ኤፍ-ኢ ኢንጄክሽን ሞተር ከነኮምፒውተሩ ገዝቼ አስገጠምኩ። የሞተሩን ሽቦ አንድ ኤሌክትሪሺያን ቆራርጦና ቀጣጥሎ ለእኔ መኪና እንዲሆን አድርጎ ሠራው። ሞተሪኖው ሲዞር ወዲያው ይነሳል፤ ቁልፉን ስለቀው ግን ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቆይቶ ይጠፋል። ሠሪው «የነዳጅ ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ላገናኝልህ፣ ትገላገላለህ» ይለኛል። ላስደርገው? የሙቀት ጌጁም አይነሳም።
ከሐዋሳ

መልስ፦ አታስደርገው። መኪናዋ እንደምትነሳማ አልጠራጠርም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ፓምፑ ኮረንቲ የሚያገኘው ሰርኪት ኦፕኒንግ በሚባል ሪሌይ፣ ማለትም በኮረንቲ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በኩል ነው። ሪሌዩ ውስጥ ማብሪያውን የሚስቡ ሁለት ኮይል (የሽቦ ጥቅል) አለ። አንደኛውን የሚያስነሳው ኤስ-ቲ-ኤ የሚባለው የሞተሪኖ መስመር ስለሆነ፣ ሞተሪኖው እስከዞረ ድረስ ፓምፑ ይሠራል። ሁለተኛው የኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር በሚመጣው ኤን-ኢ ሲግናል ሞተሩ መዞሩን ሲያውቅ፣ ኤፍ-ሲ የሚባለውን ሽቦ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር) ይሰጠዋል፤ ፓምፑም ሥራውን ይቀጥላል። ያንተዋ መኪና የመጀመሪያውን እያገኘች ሁለተኛውን ያጣች ትመስላለች። ቁልፉን ስትለቅ በቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት ትንሽ ያስኬዳታል፣ ከዚያ በቃ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የተሠራው በከንቱ አይደለም። መኪና ተጋጭቶ ሞተሩ ሲቆም ፓምፑም አብሮ እንዲቆም ነው። በቀጥታ ከቁልፉ ካገናኘኸው፣ ቱቦ ተበጥሶ ሞተሩ ቆሞም ቢሆን ቁልፉ እስኪዘጋ ድረስ ቤንዚን በጋለው ሞተር ላይ ይረጫል። የድሮው የካርቡሬተር ፓምፕ ግፊት ከ0.3 ባር ብዙም አያልፍም ነበር፤ ይሄኛው ወደ 3 ባር ይገፋል። ለነገሩ የካርቡሬተሩን የጎማ ቱቦ ሳይቀይር ትቶልህ ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ተወውና መጀመሪያ እሱን ለኢንጄክሽን በተሠራ ቱቦ አስቀይር።

አሁን ኮፈኑን ክፈትና ክዳኗ ላይ «ዳያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያላትን ትንሽ ሳጥን ፈልግ፤ ሽቦ አስተካካዮች «አታስፈልግም» ብለው ቆርጠው የሚጥሏት እሷን ነው። ካለች ፕላስ-ቢ እና ኤፍ-ፒ የሚሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝና አስነሳ። ለሙከራ ብቻ ነው፣ እንዲህ አድርገህ እንዳትነዳ። ሳትጠፋ ከሠራች ፓምፑ ደህና ነው፤ ከኮምፒውተሩ ሶኬት እስከ ሪሌዩ ያለውን የኤፍ-ሲ ሽቦ፣ የባትሪውን ማሳ ነቅለህ፣ በቴስተር ለካ። ያን ጊዜም ከጠፋች ኮምፒውተሩ ራሱ ኮረንቲ እያጣ ሊሆን ይችላል። ለኮምፒውተሩ ኮረንቲ የሚያስተላልፈውን ሜን ሪሌይ የሚያስነሳው ሽቦ ቁልፉ ወደ ኦን ሲመለስም 12 ቮልት ሊኖረው ይገባል፤ ሲያስነሳ ብቻ ከሚሠራ ሽቦ ላይ ተቀጥሎ ሊሆን ይችላል።

ሽቦው ተቆርጦ ከተገኘ በቅጥያው ላይ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ተጠማዞ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ ሞተር አጠገብ ዕድሜ የለውም፤ ማጣበቂያው ይቀልጣል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይይዛል፣ ከላይ ሲታይ ግን ደህና ነው። በትክክለኛ መቆንጠጫ ተይዞ ሲሞቅ የሚጠብቅ የላስቲክ ቱቦ ይልበስ። ሠሪው እጁን ካስገባ አይቀር ማሳዎቹንም ይይልህ። ኢ-ዜሮ-ዋን እና ኢ-ዜሮ-ቱ የሚባሉት የኮምፒውተሩ ማሳዎች ሞተሩ ላይ በብሎን ይታሰራሉ፣ ከሥራቸው ቀለም ወይም ዝገት ካለ ተፈግፍጎ ይጽዳ። ኢ-ቱ ግን የሴንሰሮቹ ማሳ ነው፤ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሳል እንጂ ቦዲ ላይ አይታሰርም። ይህን አደራ በለው፤ «ማሳ ማሳ ነው» ብሎ የሚከራከር ኤሌክትሪሺያን ብዙ ነው።

የጌጁ ነገር ቀላል ነው። ባለሁለት ሽቦው የሙቀት ሴንሰር የኮምፒውተሩ ነው፣ ጌጁ የሚሠራው ባለአንድ ሽቦው ላይ ነው። የድሮው የጌጅ ሽቦ እዚያ መሰካቱን እይ። ተሰክቶም ካልተነሳ የድሮውን ሞተር ሴንሰር ፈትተህ አምጣ፤ ጥርሱ ከገጠመ እሱን አስገባበት። ጌጁ እስኪነሳ ድረስ ሻሸመኔ እንኳ እንዳትሄድባት።