መልስ፦ ሜሪ ረኖልትን ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ሰላም ወንድሜ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ረኖልት ስለ ጥንታዊት ግሪክ ከጻፈቻቸው ልቦለዶች የቱን ላስቀድም፣ የታላቁ እስክንድር ታሪክ ምን ያህል እውነት ነው ብለሃል። እኔ ብሆን በ1958 የወጣውን «ዘ ኪንግ መስት ዳይ»ን አስቀድማለሁ። የሚተርከው የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግና የሆነው ራሱ ቴሴዎስ ነው። ሚኖታውር እዚህ የበሬ ራስ ያለው አውሬ ሳይሆን ሰው ነው፤ አስፈሪነቱ ግን አልቀነሰም። ወጣቶች እየሮጠ የሚመጣ ኮርማ ቀንዱን ይዘው በጀርባው ላይ ተገልብጠው ሲዘሉ የምታነበውም ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ቀርጤስ ላይ ከክኖሶስ ቤተ መንግሥት በቁፋሮ በወጣው የግድግዳ ሥዕል ላይ ይታያል።

ስለ እስክንድር የጻፈቻቸው ልቦለዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው (1969) ሲከፈት ሕፃኑ እስክንድር እባብ ወገቡ ላይ ተጠምጥሞበት ይነቃል፤ የእናቱ መስሎት ይዞላት ይሄዳል። እናቱ ኦሎምፒያስ ተኝታ ሳለ እባብ አጠገቧ ተጋድሞ ታየ የሚለውን የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ጽፎታል፤ የሕፃኑ ነገር ግን የደራሲዋ ነው። ሁለተኛውን (1972) የሚተርከው የፋርስ ሰው የሆነው ጃንደረባ ባጎአስ ነው። የጥንት ጸሐፊዎች ስሙን ያነሱታል፣ ግን በጥቂት መስመር፤ ልጅነቱንም ብሶቱንም የሞላችው እሷ ናት። እውነቱን ለመናገር ለእስክንድር ታደላለች። የንጉሡን ስካርና ቁጣ በሚወደው ሰው ዓይን ስለምታሳየን ሳናውቀው ይቅር እንለዋለን። (በግዕዙ «ዜና እስክንድር» ያለውን ክርስቲያን ንጉሥ ግን እዚህ አትፈልገው።)

ሦስተኛው (1981) እስክንድር ከሞተ በኋላ የጦር አለቆቹ እርስ በርስ ሲባሉ ነው። ስሙ ይበዛል፣ ያደክማል፤ መጨረሻ ላይ አድርገው።