«ወራሪ ያልሆነ የአእምሮ ማነቃቂያ» ይባላልን?

ጥያቄ፦ በጎንደር የጤና ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለታካሚዎች የሚነበብ ማብራሪያ ወደ አማርኛ ስመልስ ርእሱን «ወራሪ ያልሆነ የአእምሮ ማነቃቂያ ምርምርና በነርቭ ሥርዓት ላይ ያለው ተጽዕኖ» አልሁት። «ወራሪ ያልሆነ» ያልሁት የእንግሊዝኛውን «non-invasive»፣ ማለትም አካል ሳይከፈት የሚደረግ፣ ለመመለስ ነው፤ መምህሬ ግን «ወራሪ» የሚለውን ቃል አልወደዱትም። ምን ብል ይሻላል?

መልስ፦ መምህርዎ ቅር መሰኘታቸው ተገቢ ነው፤ ይሁንና ከ«ወራሪ» ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «አእምሮ» ነው። አእምሮ «አእመረ»፣ ማለትም «አወቀ»፣ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ስም በመሆኑ ማወቅንና ማስተዋልን ያመለክታል፤ አንጎል ግን በራስ ቅል ውስጥ የሚገኝ የአካል ክፍል ነው። አንድ አዛውንት «አእምሮዎን እናነቃቃለን» ቢባሉና ማስተዋል ጎድሎዎታል የተባሉ መስሏቸው ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም።

ልዩነቱን ምርምሩ ራሱ ያሳየናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ተመራማሪው አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ፣ ከራስ በላይ በተያዘ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ለቅጽበት ብርቱ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ መግነጢሳዊ መስክ ፈጠሩ፤ መስኩ የራስ ቅልን ዘልቆ በአንጎል ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ስለሚያስነሣ፣ ጥቅሉ የእጅን እንቅስቃሴ በሚመራው የአንጎል ክፍል ትይዩ ሲደረግ በተቃራኒው ወገን ያለው እጅ ጡንቻ ይኮማተራል። እጁ የተንቀሳቀሰው ባለቤቱ ሳያስብና ሳይፈቅድ ነው። ይኸው ዘዴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በአሜሪካ ለድባቴ ሕክምና ስለተፈቀደ ስሜትንም እንደሚለውጥ አይካድም፤ ያም ሆኖ መሣሪያው የሚነካው አንጎልን ነው፤ በአእምሮ ላይ የሚታየው ከዚያ የሚከተለው ለውጥ ነው።

«ማነቃቂያ» በመነሻ «ማ»ውና በመድረሻ «ያ»ው የመሣሪያ ስም ስለሆነ ለሽቦው ጥቅል ይስማማል፤ ድርጊቱ ግን «ማነቃቃት» ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ «ነቃ» በሚለው ግስ ምክንያት ሰሚው ሥራው ሁልጊዜ ማበርታት ይመስለዋል። በሰከንድ አምስትና ከዚያ በላይ ጊዜ የሚደጋገም የመግነጢሳዊ መስክ ምት የነርቭ ሕዋሳትን ተነቃቂነት፣ ማለትም በቀላሉ የመነሣሣት ዝንባሌያቸውን፣ ወደ መጨመር ሲያዘነብል፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ የሚደጋገመው ግን ወደ መቀነስ ያዘነብላል። በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሁለት ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ልጣፎች) ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት በሚያሳልፈው ሌላው ዘዴም፣ የፍሰቱ አቅጣጫ ሲለወጥ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ይገለበጣል። ስለዚህ ቃሉን በርእሱ ያቆዩት፤ በማብራሪያው ውስጥ ግን «ተነቃቂነቱን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል» ብለው ይጻፉ።

ወደ መምህርዎ ቃል ልመለስ። «ወረረ» ለጠላት ጦርና ለአንበጣ መንጋ የምንለው ግስ ነው፤ «ወራሪ ያልሆነ» ሲባልም ታካሚው ያላሰበው ጠላት በአሳቡ ይመጣበታል። አንዳንዶች በምትኩ «ጉዳት የሌለው» ይላሉ። ይህ ከፊተኛው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሐሰት ነው። ራስ ምታትና የራስ ቆዳ መቆጥቆጥ ያጋጥማል፤ አልፎ አልፎም፣ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ፣ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ በመግነጢሳዊው ዘዴ ተከስቷል፤ በጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰውም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ፈቃዱን የሚሰጥ ሰው ፊት የሚቀርብ ቃል ደኅንነትን ሊያስመስል አይገባም። «ያለ ቀዶ ጥገና» እውነት ቢሆንም የሚዋጥ መድኃኒትም ያለ ቀዶ ጥገና የሚሰጥ ነውና እጅግ ይሰፋል። እኔ የምመርጠው «የራስ ቅል ሳይከፈት» የሚለውን ነው፤ የማይደረገውን ለይቶ ይነግራል፣ ከዚያ በላይ ተስፋ አይሰጥም።

«ተጽዕኖ» ጫናን ስለሚያሰማ «ለውጥ» ይበቃል። «ነርቭ» እንዳለ ይቆይ፤ «ጅማት» ብንለው ጡንቻን ከአጥንት ከሚያያይዘው ጋር ይምታታል።

እንግዲህ ርእሱ «የራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን የማነቃቃት ምርምርና በነርቭ ሥርዓት ላይ የሚያስከትለው ለውጥ» ቢሆን መልካም ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ በሚሠለጥንባት በጎንደር ይህ ጽሑፍ ጮክ ተብሎ መነበቡ አይቀርምና፣ አንባቢው «ኮረንቲ» ከማለት ይቆጠብ፤ ኮረንቲ ሲባል ሰው የሚያስበው መያዝንና መወርወርን ነው። ስለ ኤሌክትሮዱ ዘዴ ሲያነብ «ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር የሚደርስ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት» ብሎ፣ ታካሚው በቆዳው ላይ መቆጥቆጥ ወይም ማሳከክ ሊሰማው እንደሚችል ወዲያው ይንገረው።