«ምስኪን ልጅ» የሚል ጠፋ

ልጆቼ፣

ጡረታ እስክወጣ ድረስ 31 ዓመት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠርቻለሁ። ዛሬ ስለ አንድ መጽሐፍ፣ እኔም በእሱ ሰበብ ስለ ሠራሁት ስሕተት ልጽፍላችሁ ነው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመው የአሜሪካዊቷ ደራሲ የቶኒ ሞሪሰን የመጀመሪያ ልቦለድ «ዘ ብሉየስት አይ» ነው። ታሪኩ ደራሲዋ በተወለደችበት በሎሬይን፣ ኦሃዮ ነው የሚካሄደው። ፔኮላ የምትባል የ11 ዓመት ጥቁር ልጅ አለች። ሰማያዊ ዓይን እንዲሰጣት ማታ ማታ ትጸልያለች። ዓይኗ ቢያምር ወላጆቿ በእሷ ፊት ክፉ ነገር ማድረግ የሚያፍሩ ይመስላታል። በኋላ አባቷ ይደፍራታል። ታረግዛለች።

ደራሲዋ ይህን አትደብቅም። ገና በመክፈቻው ትነግራችኋለች። የተራኪዋ የመጀመሪያ ቃላት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምስጢር ሲጀምሩ የሚሉት አባባል ነው። እኛ «ከአፍሽ አይውጣ እንጂ…» እንደምንለው። ሞሪሰን በልጅነቷ ትልልቅ ሴቶች ሲያወሩ የሰማችው እንደሆነ ጽፋለች። እዚያ ስደርስ ሁሌም የእናቴ ቤት ቡና ትዝ ይለኛል። እኛ ልጆቹ ፈንዲሻ እየበላን ጆሯችን ቆሟል። የማንን ልጅ ማን እንደሚደበድብ፣ የትኛዋ ልጅ ከቤት እንደጠፋች ሁሉም ያውቃል። ግን ገመና ነው። «ሆድ ይፍጀው» ይባልና ከአቦል ወደ ቶና ይታለፋል።

እኔን አብዝቶ የሚያመኝ ቦታ ግን ሌላ ነው። ተራኪዋ ክላውዲያ 9 ዓመቷ ነው። ከእህቷ ጋር ቤት ለቤት የአበባ ዘር እየሸጡ የፔኮላን ወሬ ይለቃቅማሉ። ትልልቆቹ ይጸየፋሉ፣ ይደነግጣሉ፣ የሚስቁም አሉ። ሁለቱ ልጆች «ምስኪን ልጅ» የሚል አንድ ሰው ይጠብቃሉ። አንድም አላገኙም። ፔኮላ ለእናቷ ነግራ ነበር። እናቷ አላመነቻትም። በመጨረሻ የምታወራው በሐሳቧ ከፈጠረቻት ጓደኛ ጋር ነው።

ወደ እኔ ልምጣ። ያገኘችውን ሁሉ የምታነብ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ይህን መጽሐፍ አዋስኳት። ምን እንዳለበት አልነገርኳትም፤ «በጣም ትወጂዋለሽ» ብቻ አልኳት። በሦስተኛው ቀን መለሰችው።

«እትዬ፣ አልጨረስኩትም» አለች። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አይዞሽ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጥመው መጨረሻው ላይ ነው። ውሰጂና ጨርሺው» አልኳት።

አልወሰደችውም። ከዚያ ወዲያ ቤተ መጻሕፍቱን አልረገጠችም። ምናልባት መጽሐፉ ብቻ ከብዷት ይሆናል። ግን ወዲያው አልሄደችም ነበር። አንድ ደቂቃ ያህል ቆማለች። እኔ ካርዷን እየሞላሁ ነበር።

እናንተ ዛሬ መጽሐፍ የምትቀባበሉት በስልክ ነው። ፒዲኤፉን በቴሌግራም ልካችሁ «አንብቢው፣ ያስለቅስሻል» ትላላችሁ፤ በቃ። እባካችሁ፣ እንዲህ ያለውን ስትሰጡ ምን እንዳለበት አስቀድማችሁ ንገሩ። ታሪኩ ይበላሻል ብላችሁ አትስጉ፤ ሞሪሰንም ከመክፈቻው ተናግራዋለች። «አልጨረስኩትም» ያላችሁን ሰው ጨርስ አትበሉት። «አንቺም ደርሶብሻል እንዴ?» ብላችሁም አትጠይቁ። ዝም ብላችሁ አብራችሁ ቁጭ በሉ፤ ሻይ ጠጡ። ማውራት ከፈለገች ታወራለች።

ካወራች እመኗት። «እርግጠኛ ነሽ?»፣ «አባትሽ እኮ ደግ ሰው ነው» አትበሏት። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ግን አትማሉ። ያ ሰው ዛሬም እሷ ያለችበት ቤት የሚያድር ከሆነ መሐላችሁ እሷን እዚያው ይቆልፍባታል። ለማን እንደሚነገር ከእሷ ጋር ሆናችሁ ምረጡ። አክስት ትሁን፣ አስተማሪ፣ የምታምኑት ትልቅ ሰው። የመጀመሪያው ካላመነ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፣ የሕግ ድጋፉንና ምክሩን በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ። ከዚያ ውጭ ግን ነገሩ የእሷ ነው። ስም ሳይጠራም ቢሆን ስቶሪ ላይ አይወጣም።

ይህን መጽሐፍ በአሜሪካ ከብዙ ትምህርት ቤቶች አስወጥተውታል። ይውጣ የሚሉት ወላጆች ፍርሃት ይገባኛል፤ በማስወጣቱ ግን አልስማማም። ከመደርደሪያው ሲነሳ እንደ ፔኮላ ላለችው ልጅ የሚቀራት ያው የቡናው ሹክሹክታ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት የጎረቤት ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ መጽሐፉን አውሺኝ አለችኝ። በሩ ላይ አልሰጠኋትም። አስገብቼ ምን እንዳለበት ሁሉንም ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እዚሁ ቁጭ ብዬ ላንብበው?» አለችኝ።

ወንበር አመጣሁላት።