የአባትዎን ቴፕ ስፒከር ከመቀየርዎ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትዎ በ1970ዎቹ ከጅዳ ይዘውት የመጡት፣ በመብራትም በ8 ትልልቅ ድንጋይም የሚሠራው ናሽናል ፓናሶኒክ ቴፕ ድምፁ ከፍ ሲል የግራ ስፒከሩ እንደሚንኮሻኮሽ፣ በሁለቱም ወገን ባስ እንደሌለው፣ የሰፈራችሁ ጠጋኝም ሁለቱን ስፒከሮች አውጥቶ ባለ 50 ዋት የመኪና ስፒከር እንዲገጥምበት እንደመከረዎት ጽፈዋል። እኔ ዓለም ገና አካባቢ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቴፖችን ለብዙ ዓመታት ስጠግን ቆይቻለሁና ምክሩን ከመቀበልዎ በፊት ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። በእኔ ግምት የቴፕዎ ችግር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የስፒከሩ ችግር መንኮሻኮሹ ብቻ ነው፤ የባሱን መጥፋት ግን የትኛውም አዲስ ስፒከር አያድነውም።

ከሁሉ በፊት ከኋላው ያለውን የቮልቴጅ መምረጫ ይመልከቱ። ያን ጊዜ በሳዑዲ 127 ቮልት መብራት ስለነበረ ከዚያ የመጡ ብዙ ቴፖች 110 እና 220 የሚል መምረጫ አላቸው። ዕቃው ሲጸዳ ወይም ሲነሣ መምረጫው ሳይታወቅ ቢንሸራተት ትራንስፎርመሩን ያቃጥላልና 220 ላይ መሆኑን አረጋግጠው ፕላስተር ይለጥፉበት።

ከዚያ መብራቱንም ድንጋዩንም ነቅለው የጀርባውን ብሎኖች በካቻቢቴ ይፍቱ። የግራውንና የቀኙን ስፒከር ሽቦ አቀያይረው፣ ጀርባውን መልሰው ገጥመው ያጫውቱት። መንኮሻኮሹ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ቀኙ ከተሻገረ ስፒከሩ ደኅና ነው፣ ጥፋቱ ከማጉያው ወገን ነው፤ እዚያው ግራው ላይ ከቀረ ግን ስፒከሩ ራሱ ነው። ይህን የግማሽ ሰዓት ሥራ ሳይሠሩ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎችን ሳይ ሁልጊዜ አዝናለሁ።

ስፒከሩ መሆኑ ከታወቀ ከሽቦው ለይተው በቴስተር ይለኩት። ባለ 4 ኦም ስፒከር (ኦም ሽቦው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው) ከ3.2 እስከ 3.6፣ ባለ 8 ኦም ደግሞ ከ6 እስከ 7 አካባቢ ያነባል። ቴስተሩ የሚለካው የኮይሉን፣ ማለትም በማግኔቱ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ጥቅል፣ ሽቦ ብቻ ስለሆነ ከተጻፈው ትንሽ ማነሱ ጉድለት አይደለም። ጨርሶ ካላነበበ ኮይሉ ተቃጥሏል፣ ወይም ከኮኑ (ከሚንቀጠቀጠው ወረቀት) ጀርባ ወደ ተበየደበት ጫፍ የሚሄደው የተፈተለ ሽቦ ተበጥሷል፤ ሁለተኛው በቀላሉ ይበየዳል። ንባቡ ደኅና ከሆነ ኮኑን በአራት ጣት ዙሪያውን እኩል ይዘው በቀስታ ወደ ውስጥ ይግፉትና ጆሮዎን ያስጠጉ። ጤነኛ ስፒከር ምንም ድምፅ አያሰማም፤ የመፋቅ ድምፅ ከሰሙ ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር እየተነካካ ነው፣ ወይም በመካከላቸው ባዕድ ነገር ገብቷል።

አምና የጠገንኩት አንድ ቴፕ ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል ነበር። ባለቤቶቹ የሚኖሩት የብረት በርና መስኮት ከሚሠራበት ቤት አጠገብ ነው፤ በከተማችን ዳር ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ይህ ሥራ የሌለበት መንገድ ጥቂት ነው። ፍሌክስ ብረት ሲቆርጥ የሚበተነው ደቃቅ ብናኝ ዓመት ከዓመት በስፒከሩ ጨርቅ እያለፈ፣ ማግኔቱ እየሳበው ኮይሉ በሚንቀሳቀስባት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። በመካከል ያለችውን ጉልላት መሳይ ክዳን ጠርዟን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አርሼ በምላጭ ሳነሣት ክፍተቱ ዙሪያውን ጥቁር ጢም ያበቀለ ይመስል ነበር። በአየር መንፋት አይጠቅምም፣ ማግኔቱ አይለቀውም። ፕላስተር በቀጭኑ ቆርጬ፣ የሚያጣብቀው ፊት ወደ ውጭ እንዲሆን አጥፌ፣ በክፍተቱ ውስጥ ዙሪያውን ጎተትኩት፤ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይህን ስደጋግም ከሰዓቱ አለቀ። ክዳኗን በስሱ መልሼ ስለጥፍ ስፒከሩ መንኮሻኮሹን ትቶ ነበር። ሰፈርዎን ባላውቀውም መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ኮኑ ተቀዶ ከሆነ ደግሞ የሻይ ከረጢት ወረቀት ይጠቀሙ፤ ቃጫው ረጅም በመሆኑ ቀጭን ቢሆንም ጠንካራ ነው። በመቀስ ሳይሆን በእጅ ይቅደዱት፣ ጠርዙ ሳስቶ ከኮኑ ጋር እንዲዋሐድ። የአናጢዎችን ነጭ ኮላ በጥቂት ውኃ አቅጥነው ከፊትም ከኋላም ይለጥፉትና ሌሊቱን ይደር። ሱፐር ግሉ ግን ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ አይሆንም። ዙሪያውን የያዘው ጠርዝ የታጠፈ ወረቀት ወይም ጨርቅ ከሆነ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ስፖንጅ ከሆነና ሲነኩት እንደ ቆሎ ገለባ የሚረግፍ ከሆነ ግን ጠርዙ መቀየር አለበት።

አሁን ወደ ባሱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በፊት የተከፈተ ቴፕ ከሆነ የአንዱ ስፒከር ሽቦ ተገልብጦ ተበይዶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አንዱ ኮን ሲወጣ ሌላው ስለሚገባ ባሱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይህን ለማወቅ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ በስፒከሩ ጫፎች ላይ ለቅጽበት ያስነኩ፤ ኮኑ ወደ ውጭ ሲገፋ ከድንጋዩ ፖዘቲቭ ጋር የተነካው ጫፍ ፖዘቲቩ ነው። ሽቦው ትክክል ከሆነ ተጠርጣሪው በማጉያው አይሲ (ድምፁን በሚያጎላው ቺፕ) እና በስፒከሩ መካከል ያለው፣ ድምፁን አሳልፎ ቀጥተኛውን ከረንት የሚያግደው ካፓሲተር ነው። ካፓሲተሩ 1000 ማይክሮፋራድ (የአቅሙ መለኪያ ነው)፣ ስፒከሩ 4 ኦም ቢሆን ዝቅ ብሎ እስከ 40 ኸርዝ (በሰከንድ 40 ንዝረት) አካባቢ ያለውን ባስ ያሳልፋል። በ40 ዓመት ደርቆ ወደ 100 ማይክሮፋራድ ሲወርድ ግን ከ400 ኸርዝ በታች ያለውን እየቀነሰ ይሄዳል፤ የከበሮው ጉልበትም የቤዝ ጊታሩም አብረው ይጠፋሉ። አዲስ ሲገዙ ማይክሮፋራዱ ያው፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ ይሁን፤ ሲበይዱም የኔጌቲቩን ምልክት አይሳቱ። በተረፈ የሄድፎን መሰኪያው ውስጥ ያለው ንክኪ ሲዝግ አንዱን ስፒከር እንደሚያጠፋም ይወቁ፤ ብዙ ጊዜ ኮንታክት ክሊነር ብቻ ይበቃዋል።

የመኪናውን ስፒከር በተመለከተ፣ እኔም በጀማሪነቴ ገጥሜው አይቻለሁ። ፕላስቲኩን በጋለ ብረት አስፍቼ፣ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮችን በአንድ ወገን ጎን ለጎን አያይዤ ወደ 2 ኦም አወረድኳቸው፤ በሳምንቱ አይሲው ተቃጠለ፣ የሰፋው ፕላስቲክም እንደዚያው ቀረ። አንድ ብቻ ቢገጠም እንኳ ሒሳቡ አይረዳም። በ12 ቮልት የሚሠራ እንዲህ ያለ ማጉያ ለ4 ኦም ስፒከር ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ኃይል 12 በ12 ተባዝቶ ለ32 (8 ጊዜ 4 ኦም) ሲካፈል፣ ማለትም 4.5 ዋት ነው፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። 50 ዋት ማለት ስፒከሩ የሚችለው ነው እንጂ የሚያወጣው ድምፅ አይደለም። መታየት ያለበት በ1 ዋት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ነው፤ በ3 ዴሲቤል የሚያንስ ስፒከር ያንኑ ድምፅ ለማውጣት እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ለመኪና በር የተሠራ ከባድ ኮንና ግትር ጠርዝ በ3 ዋት ታፍኖ ይቀራል፤ የእርስዎ ቴፕ ቀላል የወረቀት ኮን ግን የተሠራው ለዚያችው 3 ዋት ነው።

ኮይሉ ተቃጥሎ መቀየር ግድ ከሆነ ምናለሽ ተራ ወርደው ከሌላ አሮጌ ቴፕ የወጣ፣ ስፋቱና ኦሙ ተመሳሳይ የሆነ የወረቀት ኮን ይፈልጉ። አዲስ ነገር ልጨምር ካሉ የማደርገው አንድ ነገር ቢኖር የትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ስፒከር) ካፓሲተር መቀየር ነው። ፖላሪቲ የሌለው (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የማይለይ)፣ ማይክሮፋራዱ ከድሮው ጋር እኩል የሆነ ይግዙ፤ 3.3 ማይክሮፋራድ ከ8 ኦም ትዊተር ጋር ከ6,000 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ያሳልፋልና ማይክሮፋራዱን ከፍ ቢያደርጉት ትንሿን ትዊተር ከአቅሟ በላይ ያሠሯታል።

ስፒከሮቹን ሲያወጡ ከማግኔቱ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተው፣ የሁለቱንም የቴስተር ንባብ ጨምረው እዚሁ ይላኩልኝ፤ የግራው ከቀኙ የሚለይ ከሆነ ቀጥሎ የቱ እንደሚነካ እነግርዎታለሁ።